ሲጮህ አትስሙት

ልጅቱ ፕሮግራመር ናት። የሠራችው መሣሪያ የኮምፒውተር የይለፍ ቃሎችን እየፈተሸ ደካማውን ያጋልጣል፤ ነጻ ነው፣ ኮዱም ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ምን ያደርጋል፣ የይለፍ ቃል የነካ ሁሉ ለአንቲቫይረስ ሌባ ነው። የአንቲቫይረሱ ሠሪዎች ዘንድ አቤት ብላ እገዳውን ታስነሳለች፤ አዲስ እትም ባወጣች ቁጥር ያው ክስ ይመለሳል።

በመጨረሻ መረራትና ማውረጃው ገጽ ላይ በደማቁ ጻፈች፦ «አንቲቫይረሳችሁ ሲጮህ አትስሙት። ‹ፍቀድ› የሚለውን ተጫኑ።» የሙያ ጓደኞቿም እንዲሁ ይጽፋሉ። በቤተኛውም በሌባውም ላይ እኩል የሚጮህ ውሻ ማን ይሰማዋል? ለአባቷም ይህንኑ በስልክ አስጠናቻቸው።

አባቷ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሼ ፎቶ» ይላቸዋል። የሰው ሁሉ ሠርግና ምርቃት እሳቸው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ለገባ ለወጣው ደንበኛ የልጃቸውን መሣሪያ ከፍተው ካላሳዩ አይሆንላቸውም፤ ገባው አልገባው ጉዳያቸው አይደለም። ስለዚህ «አዲስ እትም ወጥቷል» የሚል ኢሜይል ሲደርሳቸው፣ የልጃቸውን ሥራ ከሰው ኋላ መጫን ነውር መሰላቸው። ኢሜይሉን የላኩት ግን በስሟ የሚነግዱ ሌቦች ነበሩ። አንቲቫይረሱ በዕድሜው አንዴ እውነቱን ጮኸ፤ እሳቸውም ‹ፍቀድ› አሉት። ፎቶው ሁሉ ተቆልፎ አልከፈት አለ። የፎቶዎቹ ቅጂ ያለበት መጠባበቂያ ዲስክም ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ነበርና አብሮ ሄደ።

ልጅቱ ስቱዲዮው ደርሳ ኮምፒውተሩን ስትመረምር ነገሩ ገባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወደ ኋላ ዞራ አባቷን ማየት አቃታት። እሳቸው ቆመው ሌንስ ይወለውላሉ።

«እንዳልሽው ጮኸ፤» አሉ ቀስ ብለው። «እንዳልሽኝም ዝም አሰኘሁት። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ይህን ጊዜ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ገባች። እናቷ በቅርቡ ሞተውባታል፤ አንድ ደህና ፎቶ የተነሡት እዚህ ነበርና ለግድግዳ እንዲያሳድጉላት ልትጠይቅ ነው የመጣችው። አባትየው ሌንሱን እንደያዙ፣ ፎቶው እንደጠፋ ነገሯት።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፤» አሏት። «የኔዋ ነግራኝ ነበር። አልሰማ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አዘነችባቸው፤ አልተቆጣችም። ልጅቱ ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ዝምም አለች። ቆይታ ስታስበው ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈራት ያ ዝምታ ነው።

«አባዬ ሰምቶኛል፤» አለች በመጨረሻ። «እንደሱ አድርጎ የሰማኝ የለም። የእናትሽን ፎቶ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። «በዚያ ሁልጊዜ በሚያሳዩኝ መሣሪያ?» ብላ አባትየውን ጠየቀቻቸው።

«ከዚያው ጋር የተያያዘ ነገር ነው፤» አሉና ወንበር ሳቡላት። ወደ ልጃቸው አላዩም።