ሦስተኛው ብልሽት

የጌትነት ትንፋሽ ከመኪናዋ የኋላ መስታወት ላይ ነጭ ሆኖ ተነጠፈ። ጥቂት ቆይቶ የሞቁት የማሞቂያው ክሮች እንደ ትልም አንድ በአንድ እየለዩ ወጡ። በትልሞቹ መካከልም ከኋላ ወንበር ወደ እሱ ዞራ የተቀመጠችው የህይወት ፊት በቁራጭ በቁራጭ ታየ፤ መጀመሪያ ግንባሯ፣ ቀጥሎ ዐይኖቿ። ከአፏ ላይ ያለው መስመር ግን ጉሙን አልለቅም አለ።

«አገኘኸው?» አለች። ድምፅዋ መስታወቱን አልፎ ሲደርሰው ሰው በህልም የሚጠራው ይመስል ነበር።

«አንዷ ክር ሞታለች» አለ ጌትነት።

በንፋስ መውጫ ጉም እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ከመጣም አይሄድም። የዚያን ዕለት ማለዳም ከተማውን ጠቅልሎ ባጃጆቹን ድምፅ ብቻ አድርጎ አስቀርቷቸው ነበር። ከድምፆቹ አንዱ ጋራዡ በር ላይ ቆመና ወደ ባለባጃጁ በላይነህ ተለወጠ።

«አሁንም ኋላዋን ልታሞቅ ነው?» አለ በላይነህ፣ ከመሪው ላይ ተደግፎ። «የእኔዋ ኋላዋ ሸራ ነው፤ አንድ ቀን በረደኝ ብላ አታውቅም!»

የእነህይወት መኪና በዚህ ወር ስትመጣ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። መጀመሪያ የማሞቂያው ፊውዝ ጠፋ፤ ተቃጥሎ ቢሆን ባልገረመው፣ ከነጭራሹ ቦታው ላይ የለም። ሁለተኛ፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ የሚሰካው ሽቦ ተነቅሎ ከጨርቁ ሥር ተሸጉጦ ተገኘ። ሁለቱም የደቂቃ ሥራዎች ነበሩ። ጌትነት ግን ግማሽ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ አንዲት ፊውዝ ለመተካት ሙሉውን ዳሽቦርድ የፈታ ባለሙያ በጋይንት ምድር ከእሱ በፊት አልታየም።

የሚፈታውን ሁሉ ሲፈታ አንደበቱን ብቻ መፍታት አቃተው። ምክንያቱም የህይወት አባት መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ነበሩ፤ የእሱ የኔታ። ቅኔ ሊማር እግራቸው ሥር ተቀምጦ፣ ቅኔው ሳይሞላለት አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የኮበለለው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የኔታን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ሌላ መንገድ ከሌለ መሬት ላይ የወደቀ ነገር ይፈልጋል።

ከኋላ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። የመፈተሻዋን አምፖል አንድ ጫፍ ከመኪናዋ ብረት አያይዞ፣ ሹሉን በክሩ ላይ ቀስ ብሎ አስኬደ። አምፖሏ በራች።

«እሁድ ከአርብ ገበያ ከተማ ሽማግሌ ይመጣል» አለች ህይወት፣ አምፖሏን እያየች። «ላኪው የእህል ነጋዴ ነው አሉ። መጋዘን አለው።»

«መጋዘን ጥሩ ነው» አለ፤ ወዲያውም ምላሱን በፒንሳ ሊነቅላት ተመኘ። «የኔታስ ምን አሉ?»

«‹አስቀድሜ ቃል የሰጠሁት ሰው ከሌለ በምን አፌ እመልሳቸዋለሁ?› አሉ።»

አምፖሏ ድርግም አለች።

ጌትነት ጎንበስ አለ። ክሩ ላይ ስንጥቅ አልነበረም፤ የቀለበት ጭረትም የዕቃ ፍትጊያም አይደለም። ከሩብ ጥፍር የማትበልጥ ቦታ፣ ዳርና ዳሯ ቀጥ ብሎ፣ ንጽሕት ብላ ተፍቃለች። እንዲህ ያለውን ፍቅፍቅ ያውቀዋል። የኔታ ብራና ሲያርሙ፣ የተሳሳተችውን ፊደል ብቻ ነቅሰው ጎረቤቷን ሳይነኩ በምላጭ የሚያነሡት እንዲህ ነበር።

«ፊውዙን አንቺ ያወጣሽው መስሎኝ ነበር» አለ በዝግታ።

«እኔ?» ሳቋ መኪናዋን ሞላው። «እኔ ደግሞ ተመልሳ እንድትመጣ ራስህ እያበላሸህ የምትሰዳት መስሎኝ!»

«ታዲያ ማን ነክቷት ነው?»

«ማን ይነካታል! አባቴ ብቻ ማለዳ ማለዳ ይወለውሏታል። ዛሬማ እግሬ ይሻለኛል ብላቸው ‹ኋላሽን ሳታዪ በዚህ ጉም? ሂጂ፣ አሠሪያት› ብለው አባረሩኝ።»

ውጭ አንዲት አህያ ከጉሙ ወጣች፣ ተመለከተቻቸው፣ ተመልሳ ገባች። የሴት አባት ሽማግሌ አይልክም፤ ነውር ነው። መኪና እንዳይልክ ግን ማን ከለከለው? ወይስ የኔታ ከመስታወቱ ላይ የጧፍ ሰም ሲያነሡ ምላጩ አምልጧቸው ይሆን? እጃቸው ዘንድሮ ይንቀጠቀጣል ይላሉ። ይህን የሚለይ አምፖል በእጁ አልነበረም።

የተፋቀችውን ቦታ ላይና ታቿን በፕላስተር ለጠፈ፤ መካከሏን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው የብር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ሞላት። ሁለቱም ቀለሙ ሲደርቅ እያዩ ተቀመጡ። ስለ ጤና ጣቢያው ወረፋ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ሁሉም አወሩ፤ ስለ እሁድ ግን አላወሩም።

«አለቀች?» አለች በመጨረሻ።

«አላለቀችም።» ብሩሹን ጠረገ። «ይዘሻት ሂጂ፤ ግን ለየኔታ ንገሪልኝ፤ ነገ ማለዳ ቤት ይቆዩኝ። ይህችን መኪና ማስረከብ ሦስት ሽማግሌ ይፈልጋል።»

ህይወት ወደ መሪው ተሻግራ ተቀመጠች። ሞተሩን አስነሣች። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣

«ነገም ብርድ ነው» አለች። «ጋቢ ደርበው ይምጡ በላቸው።»

መኪናዋ ስትርቅ ጉሙ በኋላዋ ገጠመ። ጌትነት እጁን እንኳ ሳይታጠብ በሩን ቆለፈና ደጁ ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በነበረው በበላይነህ ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ።

«ወዴት?»

«የንስሐ አባቴ ቤት።»

በላይነህ በመስታወቱ አየውና ሳቁን አፈነ። «በጤናህ ነው? ምን አጠፋህ?»

«ገና ነው» አለ ጌትነት። «ንዳ።»

ባጃጇ ተንደርድራ ቁልቁል ወረደች። መንገዱ አይታይም ነበር።