ባንድ ቃል የተሰጠች

ደሚቱ ኳሷን ከቀለበቱ ሥር ተቀብላ ስትዘል ኃይለመለኮት ፊቱን አዞረ። ማየት አልፈለገም። ኳሷ የቀለበቱን ጠርዝ ነክታ ወጣች፤ ከቡድኑ ሁሉ ታናሽ የሆነችው ትርፌ ነጠቀቻትና ሜዳውን አቋርጣ ሄዳ በዚያኛው በኩል አገባች። ትርፌ አግብታ ስትመለስ ደሚቱ ገና መሃል ሜዳ ላይ ነበረች፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ ታለከልካለች። አሰልጣኙ እሱ ነውና ፊሽካውን ነፍቶ «ውሃ ጠጡ» አለ።

ልምምድ ነው፤ የተሸነፈ የለም። ኃይለመለኮትን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ልምምዱ እንዳለቀ የአቃቂው ቡድን ሰዎች መጥተው ደሚቱን ይወስዳሉ፤ በምትኳም ሁለት ወጣት፣ ረጃጅም ልጆች ይሰጣሉ። ይህን የቡድን መሪው ዘነበ ያውቃል፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ያውቃል፣ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የምትሸጠው ሴትዮም ሳትሰማ አልቀረችም። ያልተነገራት ደሚቱ ብቻ ናት። መንገር የነበረበት ደግሞ እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ነገ እነግራታለሁ» ሲል ከረመ። ነገ ሲመጣ ወይ ይዘንባል፣ ወይ ልጆቹ ይከቧቸዋል፣ ወይ ደግሞ «ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» ብላ ፈገግ ትልበትና ወኔው ይከዳዋል።

ልውውጡ በራሱ ነውር አልነበረም። ቡድኑ የአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ነው፤ ልጆቹ በኳስ ምክንያት ተቀጥረው ግማሽ ቀን ማሽን ላይ፣ ግማሽ ቀን ሜዳ ላይ ይውላሉ። ሁለት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ ወጥተዋል። ሥራ አስኪያጁም ኃይለመለኮትን ቢሮው ጠርቶ ቁርጡን ነግሮታል፤ «ዘንድሮም ጭራ ከሆናችሁ ቡድኑ ይፈርሳል። በቡድኑ ስም የገቡትም አብረው ይወጣሉ።» ቁመት ያላቸው ልጆች ካልተገኙ ደግሞ ጭራ መሆናቸው እንደማይቀር የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ኃይለመለኮትን እንቅልፍ የነሳው መስጠቱ አይደለም። አሰጣጡ ነው።

የአቃቂው ቡድን መሪ አቶ ሚደቅሳ ምራቃቸውን የዋጡ፣ ጨዋታም የሚወዱ ሰው ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት እሁድ ከሰዓት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ ኃይለመለኮት ቤት ድረስ መጡ። ነገሩ ቀልድም ነበር፣ ቁም ነገርም ነበር። ልጅ ለጋብቻ እንደሚጠይቅ ሰው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ደሚቱ ልጅህን ለቡድናችን ብለን ነው ደጅህ የመጣነው» አሉ። ዘነበም ቤት ውስጥ ነበር፤ ሁሉም ሳቁ። ለስላሳ ተከፈተ። ከዚያ አቶ ሚደቅሳ ስለ ሁለቱ ረጃጅም ልጆች ሲያነሡ የሥራ አስኪያጁ ቃልና የልጆቹ እንጀራ ባንድ ጊዜ ኃይለመለኮት ፊት ድቅን አለበትና፣ «እሺ፣ ይውሰዷት» አለ። ለስላሳው ገና አልተጋመሰም ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ደንግጦ አቶ ሚደቅሳን አያቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ይኼው ነው።

አሁን ግን ሰዓቱ እየደረሰ ነው። የሚሸሽበት ነገ አልቀረውም።

«ደሚቱ፣ አንዴ ነይ እስቲ።»

አንገቷን በፎጣ እየጠረገች መጥታ ከሲሚንቶው ደረጃ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ከአጥሩ ወዲያ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት የሚቆፍር ማሽን ያጓራል። ኃይለመለኮት ማሽኑ ዝም እስኪል ጠበቀ። ዝም ሲል ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ጉልበቴ እንዳለ ነው። እርስዎ ግን ሰሞኑን ከጉልበቴ ሌላ የሚጠይቁኝ ነገር ጠፋ።»

«እኔማ...»

«ጋሼ፣ አቃቂ እንደምሄድ ሰምቻለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ማን ነገረሽ?»

«ያልነገረኝ ማን አለ? ልጆቹ እኔን ሲያዩ ወሬ ያቆማሉ። ትርፌ ደግሞ ትናንት እላዬ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሰው ሳይሞትብኝ የሚለቀስልኝ ምን ሆኜ ነው ብዬ አወጣጣኋት።»

«ልነግርሽ ነበር። ልደታ ምስክሬ ናት፣ ዛሬ ነገ እያልኩ...»

«አውቃለሁ። ይሉኝታዎ መቼ ጠፍቶኝ።» ፎጣውን ጭኗ ላይ አጠፈችው። «አልተቀየምኩም። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያቺ ሕፃን አሁን እንዴት አድርጋ እንዳለፈችኝ እኔም አይቻለሁ። ሁለት ልጅ ከመጣልዎት እነ ትርፌ ከሥራቸው አይወጡም። እኔንም እዚያ ታዳጊዎቹን እንዳሠለጥን አስበውኛል አሉ። ነገሩ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ።»

«ሽማግሌ ይዘው ነው የመጡት ሲሉ ሰማሁ። ስንት ጊዜ አመላለሷቸው?»

ኃይለመለኮት ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ያገላብጠው ጀመር። እሷ ግን ቀጠለች።

«አባቴ እርስዎን ስንት ጊዜ እንዳመላለሱዎት ያስታውሳሉ? ትምህርት ቤት አይተውኝ ለቡድኑ ሊጠይቁኝ የመጡ ጊዜ። መጀመሪያ ሴት ልጅ በቁምጣ አትሮጥም ብለው ከበር መለሱዎት። ቀጥሎ ለእሁድ ተመለስ አሉ። እሁድ ሲመጡ አጎቷን እናማክር አሉ። በአራተኛው ነው እሺ ያሉት። እርስዎ ሲወጡ እናቴ፣ ምን አድርጎህ ነው ሰውየውን እንዲህ ያንገላታኸው ብትላቸው፣ ምን አሉ መሰለዎት? ባንድ ቃል የተሰጠች ልጅ ዋጋ የላትም፤ ወሳጁም ቀሎ ያገኛትን አቅልሎ ነው የሚይዛት፣ አሏት።» ወደ ጫማዋ ጎንበስ አለች። «እና ስንት ጊዜ አመላለሷቸው?»

እውነቱ አንዲት ቃል ነበረች፤ አፉ ላይም ደርሳ ነበር። ነገር ግን ደሚቱ ቀና ብላ አታየውም፤ አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። አሳዘነችው፤ ከዚያ በላይ ግን በራሱ አፈረ።

«ሦስት ጊዜ» አላት።

«ሦስት?»

«አዎ። በሁለተኛው ቤተሰብ እናማክር ብዬ መለስኳቸው። በሦስተኛው ሽማግሌዎቹም አሳዘኑኝ።»

ደሚቱ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ትከሻዋ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። «ምስኪኖች። እርስዎ ቤት ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለው።» ተነሥታ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላው ሄደች። ስትሄድ አላነከሰችም።

ኃይለመለኮት ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ቅድም አንድ በደል ነበረው፤ አሁን ሁለት ሆነ። ይባስ ብሎ ደሚቱ ወሬውን ይዛ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች። ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲህ ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ «ዝም ብለው የሰጡኝ መስሏችሁ ነበር አይደል? ሦስት ጊዜ ነው ያመላለሷቸው!» ልጆቹ እልል አሉ። አንዷ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ መታች። ሙሽራ የሚሸኙ ነው የሚመስሉት።

ዘነበ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ደረሰ። እሱም ሰምቷል።

«ሦስት ጊዜ?» አለ ሳቁን አፍኖ። «እኔ እኮ አብሬህ ነበርኩ። ሰውየው ለስላሳቸውን እንኳ ሳያጋምሱ ነው የሰጠሃቸው።»

«ተወኝ ዘነበ።»

«ምን አጠፋህ? ደስ ብሏት ትሂድ። ሰው የማይጎዳ ውሸት ውሸት አይደለም።»

«አቶ ሚደቅሳ ሲመጡ ደሚቱ ‹ስላንገላታናችሁ ይቅርታ› ብትላቸውስ?»

«እሳቸው አራዳ ናቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ምንም አይደል ልጄ ይሏታል፣ አለቀ።»

ለዘነበ አለቀ። ኃይለመለኮት ግን መጋለጡን አይደለም የፈራው። አንድ ዓመት ፋብሪካው እሱን ሊያሰናብት በተማከረ ጊዜ፣ ይቺው ደሚቱ ልጆቹን ሰብስባ የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ሂጂ ቢሏት ነገ ትመለሳለች፤ ነገ ቢያባርሯት ከነገ ወዲያ። እሺ እስኪሏት ደጅ ጠንታ ነው እሱን ያስቀረችው። እሷ ለእሱ እንዲያ ስትመላለስ፣ እሱ ለእሷ ብሎ ሰው አንድ ቀን ማመላለስ አቃተው። እንኳን ቀን፣ «እስቲ እናስብበት» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ኃይለመለኮት ይህን ሲያስብ እንባው መጣ፤ ዘነበ እንዳያይበት ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች። አቶ ሚደቅሳ ከፊት ወረዱ፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላ። የልጆቹ ቁመት እውነትም የተወራለት ነው፤ አንደኛዋ የበሩን መቃን ጎንበስ ብላ ነው ያለፈችው። የኃይለመለኮት ልብ ወደነሱ ሄደ። እነዚህን ይዞ ማን ጭራ ይወጣል?

«እህሳ ኃይለመለኮት፣ እንዴት ዋልክ?» አሉ አቶ ሚደቅሳ እጃቸውን እየዘረጉ። «ሙሽራችን ተዘጋጀች?»

እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘና አልለቅ አለ።

«አቶ ሚደቅሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ አልሰጥም። ቤተሰብ አልተማከረም። ለነገ ሳምንት እሁድ ይመለሱ።»

አቶ ሚደቅሳ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ እንደማይስቅ ሲያዩ ሳቃቸው ተቋረጠ።

«ቃልህን ሰጥተኸኝ የለም እንዴ?»

«ሰጥቻለሁ። ያጠፋሁትም እዚያ ላይ ነው። ልጅ ባንድ ቃል አይሰጥም፤ ይኼን እርስዎ አይስቱትም። ያን ዕለት መልሼዎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በክብር እሰጥዎት ነበር።»

«እሱ ለጋብቻ ነው ወንድሜ። ይኼ ኳስ ነው።»

«ሲጠይቁኝ እንደ ጋብቻ ነበር የጠየቁኝ።»

አቶ ሚደቅሳ በሌላው እጃቸው ኮፍያቸውን አውልቀው አገላበጡት። «እንግዲህ ስማ። ምዝገባው በማግስቱ ሰኞ ይዘጋል። እነዚህን ልጆች የሚፈልግ ሌላ ቡድንም አለ። እሁድ እመጣለሁ ብዬ አልምልልህም።»

«አውቃለሁ።»

ዘነበ ከኋላው ደርሶ ክንዱን ያዘው። «አብደሃል እንዴ?» አለው በሹክሹክታ። «ካልመጡስ? እነ ትርፌን ምን ልትላቸው ነው?»

ኃይለመለኮት ክንዱን አስለቀቀ። ካልመጡ ይህም ሌላ በደል ይሆናል፤ የእነ ትርፌን ዓይን ማየት ይከብደዋል። ቢሆንም የአቶ ሚደቅሳን እጅ ለቀቀና ከበሩ ገለል አለላቸው። አቶ ሚደቅሳም ኮፍያቸውን ደፉ። «አቃቂ ሩቅ ነው፣ ኃይለመለኮት» አሉ፤ በቁጣ ግን አልነበረም። ልጆቹን አሳፍረው፣ መኪናዋን አዙረው በተክለ ሃይማኖት በኩል ወረዱ።

ደሚቱ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ የመኪናዋን ጭራ ብቻ አየች። ፀጉሯን አስይዛለች፤ ንጹሕ ሸሚዝም ለብሳለች።

«እነሱ አይደሉም እንዴ? የት ሄዱ?»

«መለስኳቸው። ለእሁድ ተመለሱ ብያቸዋለሁ።»

«አሁንም?» ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኗ እየሳቀ ነው። «ይኼ አራተኛ መሆኑ ነው እኮ ጋሼ። ከአባቴ እኩል ሊሆኑ?»

ዘነበ መሬት መሬት ያያል። ኃይለመለኮት ራሱን ነቅነቅ ቢያደርግ በቂ ነበር፤ ሌላ ቃል የሚጠይቀው አልነበረም።

«አይደለም ደሚቱ» አላት። «ሦስቱን ዋሽቼሻለሁ። መጀመሪያ የመለስኳቸው ዛሬ ነው።»