የሐጂ ኢስማዒል መንጋጋ

ሐጂ ኢስማዒል ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ሲገባ የጥርስ ሐኪሟ ኒምኮ ደስ አላት። አላፈረችበትም። አላህ ጠላቷን በገዛ እግሩ አምጥቶ ወንበሯ ላይ አስቀመጠላት።

ሐርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ስትነሳ ኢስማዒልም አብሯት ተነሳ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈሯ የነበረውን ጥሩ የውሃ ጉድጓድ በግንብ አጠረና ውሃውን በቦቴ ለሆቴሎች ያመላልስ ጀመር። ለሰፈሩ የቀረው ጨዋማው ጉድጓድ ነበር። ልጆች አንጠጣም ሲሉ እናቶች ስኳር በጠበጡበት፤ ያንኑ ቀን ከሌት ሲጠጡ የወተት ጥርሳቸው ጠቆረ፣ እንደ አሮጌ ኖራም ተፈረፈረ። ስኳር ጥርስ እንደሚያበሰብስ ኒምኮ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ተምራለች። ግን ልጅ በውሃ ጥም አይቃጠል ብላ እሷም ለልጇ ለላዳን በጠበጠች። አምና ማደንዘዣ ከከተማው በጠፋ ጊዜ የልጇን ጥርሶች ራሷ ነቀለች። ላዳን ዛሬም ነጭ ጋዋን ስታይ ታለቅሳለች፤ የለበሰችው እናቷ ብትሆንም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ወረፋ የያዙት እናቶች በተከፈተው በር ያያሉ። ኢስማዒል እነሱ እንዳይሰሙት ኢትዮጵያ፣ ጅግጅጋ ከተማ በተማረው አማርኛ አጉተመተመ።

«እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ማደንዘዣውን አብዢልኝ። እኔ ሕመም አልችልም።»

መርፌው ትሪው ላይ ተዘጋጅቷል። ኒምኮ ግን ጉጠቱን አነሳች። መንጋጋው እስከ ሥሩ በስብሶ ድዱ መግል ቋጥሯል። እንዲሁ ብትነቅለው ጩኸቱ ገበያው ድረስ ይሰማል። ፈለገችው። ከዚያ ጉጠቱን አስቀመጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በሶማሊኛ መለሰችለት።

«ማደንዘዣ አለ፣ ሐጂ። ሕመም እንደማይችሉም ሰማሁ። መጀመሪያ የልጆቻቸው ጥርስ በምን እንደበሰበሰ ለእነዚህ እናቶች ይንገሯቸው። ጉድጓዱን እከፍታለሁም ይበሉ። ያን ጊዜ እወጋዎታለሁ።»

ውጭ ያሉት እናቶች ወደ በሩ ዞሩ።

«አብደሻል!» አለ ኢስማዒል፣ አሁንም በአማርኛ። ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ራሕሞ ጉንጩ ያበጠ ልጇን አቅፋ ቆማለች። ሌሎቹም ከኋላዋ ተጠጉ። ማንም መንገድ አልለቀቀለትም።

ኒምኮ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሳች።

«ወረፋው የእርስዎ ነው፣ ሐጂ» አለችው።