የሰባት ቤት ክትፎ

"ጣይው ዙፋን! እሳት ያልነካውን ሁሉ ጣይው!"

ሙሉወርቅ ገና ከቆርቆሮው በር ሳታልፍ ነው የጮኸችው። ያመጣት ባለሦስት እግር ረክሻ ከኋላዋ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ዙፋን የትናንቱን ክትፎ ከበረዶ ሳጥኑ አውጥታ ቅቤ ልታቀልጥለት ስትል ነበር።

"ምነው እትዬ፣ በፋሲካ ማግስት? ምን ሆኑብኝ?"

"የልጅ ልጄ፣ ሶሊያና፣ ሲያስመልሳትና ደም ሲያስቀምጣት አደረ። ከእናቷ ጋር ክሊኒክ ናት፤ ግሉኮስ ሰክተውላታል። ሐኪሟ ምን በላች አለችን፤ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ አልኳት። በየቤቱ የቀረ ካለ ማንም እንዳይቀምሰው፣ ሩጪ አለችኝ።"

ዙፋን ሳህኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። "ምንም አይሸትም እኮ። ደግሞ ያ ሁሉ ሚጥሚጣ..."

"ባይሸትም አለበት ብላለች። ሚጥሚጣም አረቄም አይገድለውም።"

"ያ ያረጋል ነዋ! የታመመ በሬ ጎትቶ አምጥቶብን ነው። እኔማ ዓይኑን ሳየው አላማረኝም ነበር።"

ሙሉወርቅ "እንግዲህ..." ብላ ወጣች። ከዙፋን በፊት የሄደችባቸው አራት ቤቶችም በሬውን ሲረግሙ ያለችው ይህንኑ ነበር።

ሰባት ቤት ሆነው ነው ቅርጫ የገቡት። መደቡ ከተከፋፈለ በኋላ ሴቶቹ ቀዩን ሥጋ ይዘው እሷ ዘንድ መጡ፤ ከአገር ቤት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሸክማ ያስገባችው የእጅ መፍጫ ያላት እሷ ብቻ ናትና። የሰባቱም ቤት ሥጋ በዚያው አንድ ማሽን አለፈ።

ማንም የማያውቀው የቅዳሜውን ነው። ረፋድ ላይ የግድግዳ ጎረቤቷ ሰኪና ከካርቱም ሸሽተው ለመጡ ዘመዶቿ ድቡልቡል ኮፍታ ተደርጎ የሚጠበስ ሥጋ ይዛ መጣች። ውኃ ሲጠፋ ከጋኗ የምትቀዳላትን ሴት እንዴት እምቢ ትበል? ፈጨችላት። ከስቅለት ጀምራ አክፍሎት ይዛ ስለነበር ጉልበቷ ከድቷታል፤ የውኃው ጋሪም አልመጣም። ማሽኑን በጨርቅ ጠረግ፣ አረቄ ጠብ አደረገችበትና "ስመለስ አጥበዋለሁ" ብላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በፋሲካ ጧት ስትመለስ ሴቶቹ ጎድጓዳ ሳህናቸውን ይዘው በሯ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ማሽኑ በዚያ የገዳሪፍ ሙቀት፣ ከነቅሪቱ፣ ውሎ አድሯል።

ቆሻሻው አንድ ነገር ነው። የሰባት ቤት ክርስቲያን በእስላም ሥጋ ማስፈሰክ ግን! ይህን እንኳን ለዙፋን፣ ለንስሐ አባቷም አልተነፈሰችም።

የቀረው የሸቃዮቹ ክፍል ብቻ ነበር። ስትደርስ ያረጋልና ጓደኞቹ፣ ስምንት ወጣቶች፣ ትሪውን ከበው ተቀምጠዋል። ክትፎው ጥሬውን መሐል ላይ ተቆልሏል።

"እማማ! አጉራሽ ላክልኝ ብዬ ስጸልይ መጡልኝ!" አለ ከመካከላቸው ታምሬ።

"እጅህን አንሳ! ማንም እንዳይቀምስ!"

የሶሊያናንም የሐኪሟንም ነገር ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ያረጋል ፊቱ ጠቆረ።

"በሬው ምንም አልነበረበትም እማማ። ሲታረድ ሁላችንም ቆመናል። ጉበቱን ገልጠን አይተናል።"

"ጉበቱማ እንደ መስታወት!" አለ ታምሬ። "ትናንት ጎድኑን ጠብሰን በላን፤ ይሄን ደግሞ ለመሰነባበቻ አቆየነው። ነገ ለእርሻ ምንጣሮ ስንወጣ ክትፎ ማን ይሰጠናል? ደግሞ የሕፃን ሆድና የሸቃይ ሆድ አንድ ነው እንዴ? የኛን የትራክተር ናፍጣም አይጥለውም!"

ሳቁ። እሷን አይደለም የሚያምኑት፣ በሬውን ነው፤ በዓይናቸው አይተውታል። ሐኪም እንዲህ አለች ቢባል ያን አይበልጥም። የታምሬ ጉርሻ ከትሪው ተነሳ።

"በሬው አይደለም! ማሽኔ ነው!"

ቅዳሜን ተናገረች፤ ሰኪናንም፣ ጨርቁንም፣ አረቄውንም። አንዱ አማተበ። ሌላው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"የእስላም ሥጋ ነው የበከለን በሉኛ!" አለ ከጥግ አንዱ።

"የሰኪና ሥጋ ምን አደረገ? ከታጠበ ማሽን ወጥቶ፣ ወዲያው በስሎ ተበላ። ጧት አይቻቸዋለሁ፣ ልጆቿ ይሯሯጣሉ። የበሰበሰው እኔ ሳላጥበው ያደረው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ታምሬ ጉርሻውን ቀስ ብሎ መለሰ። አሁን አይስቅም። "ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ እማማ?"

ትሪውን ከመሐላቸው አንስታ ለያረጋል ሰጠችው።

ያረጋል ክትፎውን ውሻ እንዳያገኘው ጉድጓድ ምሶ ቀበረው። ከዚያ እስከ ረክሻው ሸኛት።

"ለሌሎቹ ምን አሏቸው?"

"በሬው ነው ሲሉ ዝም አልኩ።"

"እንግዲያው እንደዚያው ይቅር። የልጆቹን አፍ እኔ እይዛለሁ። እኛ ነገ ሂያጆች ነን፤ እርስዎ ግን እዚሁ ነዎት። በእኔ ይለፍ።"

እጁን ልትስመው ምንም አልቀራት። ስልኳ ጮኸ፤ ልጇ ፀደይ ናት።

"እማዬ፣ ትኩሳቱ ቀለል ብሎላታል። አያቴ የታለች እያለች ነው።"

"መጣሁ በያት፣ እናቴ። መጣሁ።" ያረጋል ብብቷን ይዞ ረክሻው ላይ አወጣት። አያያዙ ልጅ እናቱን እንደሚይዝ ነበር። ከርሞስ ይህን ልጅ ማን ቅርጫ ያስገባዋል? የታመመ በሬ የገዛው የሚል ስም እኮ ነው ከምንጣሮ ሲመለስ የሚጠብቀው።

"ያ ሐጃ፣ ወደ ክሊኒኩ?" አላት ባለረክሻው፤ በአረብኛ እማማ ማለቱ ነው።

"አይ። መጀመሪያ ቅድም ወደ ቆምክበት ባለቆርቆሮ በሩ ቤት መልሰኝ" አለች።

እውነቱን ለዙፋን ብቻ ትነግራለች፤ እሷ የሰማችውን ገዳሪፍ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሳይመሽ ይሰማዋል፤ ሌሎቹን አራት ቤቶች መዞር አያስፈልጋትም።