የተሸናፊዋ ከንቲባ ድምፅ

"ሃያ ለሃያ" አለ የምክር ቤቱ የሕግ ኃላፊ፣ ለአዲሱ ከንቲባ ምርጫ የወጡትን እጆች ደግሞ ቆጥሮ። "ክብርት ከንቲባ፣ ወሳኙ ድምፅ የእርስዎ ነው።"

ሞሪን ታቸል መነጽሯን አወለቀች። ጉድ እኮ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት በገዛ ሰፈሯ በአሥራ አንድ ድምፅ ተሸንፋ የምክር ቤት ወንበሯን አጥታለች። በሕጉ ግን ተተኪዋ እስኪመረጥ ድረስ ከንቲባ ናት፤ ድምፅ እኩል ለእኩል ከሆነ ደግሞ ዝም ማለት አይፈቀድላትም። የምትመርጠው ሰው ዓመቱን ሙሉ፣ ድምፅ እኩል በሆነ ቁጥር፣ እንደሷው ወሳኝ ነው። የሄልምስዊክ ከተማ ምክር ቤት በማን እጅ እንደሚወድቅ አሁን ከሷ አፍ ይጠበቃል።

"አምስት ደቂቃ እረፍት" አለች።

ኮሪደሩ ላይ የፓርቲዋ መሪ ክላይቭ ደረሰባት። ሃያ ስድስት ዓመት በዝናብ አብረው የሰው በር አንኳኩተዋል።

"ሞሪንዬ፣ ምን እረፍት አስፈለገሽ? የኛን ሰው ስም ጠርተሽ አትገላገይም?"

"የላርች ጎዳናውስ ነገር?"

"የአዛውንቶቹ መዋያ? እሱማ ያለቀ ጉዳይ ነው፣ ሰኔ ላይ ይዘጋል። አንቺም እንዲዘጋ እጅሽን አውጥተሻል እኮ።"

"አውጥቻለሁ። ለዚያም ነው ሰፈሩ ያባረረኝ።"

"እና ተቀናቃኞቻችንን፣ የነዋሪዎች ማኅበርን ልትመርጪልን ነው? መዋያውን አናስዘጋም ስላሉ?" ክላይቭ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው ምን እንደሚልሽ ልንገርሽ? ስትሸነፍ ጊዜ ወገኗን ሸጠች ነው የሚሉሽ። ሌላ ማንም አያስብም።"

የባሰው ነገር እውነቱን መሆኑ ነው። ሞሪን ፊቷን አዙራ ወደ አዳራሹ ሄደች።

ስትመለስ ዓይኗ ወደ ሕዝቡ መቀመጫ ሄደ። ጎረቤቷ ዶሪን ባሏን ይዛ መጥታለች። ሰውየው የካፖርቱን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፏል፤ ሚስቱን "አንቺ ማነሽ?" ማለት ከጀመረ ከረመ። በሳምንት ሦስት ቀን መዋያው እሱን ባይቀበልላት ዶሪን አረፍ የምትልበት ሰዓት የላትም። በምረጡኝ ዘመቻው ጊዜ በሯ ላይ ቆማ "አንቺን አልመርጥሽም ሞሪን፣ ቁርጡን እወቂው" ብላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የላቸውም።

ሞሪን ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ወይዘሮ ሻሂዳ ሚርዛ፣ ከነዋሪዎች ማኅበር።"

አዳራሹ ተንጫጫ። "ቂምሽን ተወጣሽ" አለ ክላይቭ፣ ሁሉም እየሰማ።

የሕግ ኃላፊው ጎንበስ አለላት። "ምክንያትዎ በቃለ ጉባኤው ይስፈር?"

ምክንያቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ስሟ ይተርፋል። ግን የዶሪንን ቤት ገመና ሳያነሱ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ዶሪን ሕዝቡ መቀመጫ ላይ ሆና የባሏን ቁልፍ እየፈታች መልሳ ትቆልፋለች።

"አይ" አለች ሞሪን፣ "የመረጥኩትን ሰው ስም ብቻ ጻፍ።"