ሦስተኛው ግንብ ካልታየ

ተራራ አናት ላይ ቤተ መንግሥት የሠራውን ሰውዬ ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ ሜዳ ጠፍቶ ነው? ጠላት እንዳይደርስበት ብሎ ነው ይላሉ። ይኸው ጠላት ቀርቶ እኛ ደረስንበት፤ አባዬ የሚያመውን ጉልበቱን ይዞ፣ ታላቅ እህቴ ፕሮግራሟን ይዛ፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር በሆዴ ይዤ።

ታላቄን በሆዴ ወይዘሮ ፕሮግራም ነው የምላት። ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ፕሮግራም የምታወጣ ሴት ናት። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ እናያለን ብላ ወሰነች፤ ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ያለውን ምሽግ፣ ከምሳ በኋላ ሐይቁ ዳር ያለውን የበጋ ቤተ መንግሥት፣ ማምሻውን ደግሞ ከአንዲት ትንሽ ከተማ በላይ የተሠራውን የፈረሰ ግንብ። መኪናውም የእሷ፣ መሪውም የእሷ፣ ወሬውም የእሷ።

ምኞቱ ግን የአባዬ ነው። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በእነዚህ ተራሮች ላይ የጎብኚ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል። ስንቱን ሰው ከነሻንጣው የግንቦቹ በር ላይ እያደረሰ፣ እሱ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጎማ ሲያይና መስታወት ሲወለውል ነው የከረመው። አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ለምን ሲባል፣ ሾፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም ይላል። ዘንድሮ ነው ድንገት ተነስቶ ውስጣቸውን ሳላይማ አልሞትም ያለው።

እኔ የሄድኩት ግንብ ናፍቆኝ አይደለም። የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። ወደብ ከተማ ላይ የተከፈተ አዲስ ፋብሪካ የቆራጮች ኃላፊ ሁኚልን ብሎኛል፤ መልሴን የሚፈልጉት ሰኞ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል በእኔ ዕድሜ ሁለቴ አያንኳኳም። ግን አባዬስ? እናታችን ከሞተች በኋላ ብቻውን መኖር አቃተው ተብሎ እኔ ዘንድ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው። ያኔ እኔም ከባሌ ተለያይቼ የራሴ ጣጣ አልበቃ ብሎኝ ነበር። ታላቄ ደውላ፣ አባዬ ብቻውን ከተተወ አይከርምም፣ ሸክም ሆንኩ ብሎ እንዳይሰማው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ አለችኝ። ለሁለት ሳምንት ብሎ አንዲት ሻንጣ ይዞ መጣ፤ እስካሁን አለ። እወደዋለሁ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ግን ተራው የእሷ ነው፤ ቤቷም ሰፊ ነው፣ ባሏም ሰፊ ነው። ይህንኑ ላነሳባት ስደውል፣ በስልክ አይሆንም፣ ጉዞው ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን አለችኝ።

ቁጭ ብለን! ከምሳ በቀር ቀኑን ሙሉ ቁጭ ያልነው መኪና ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ አባዬ ከፊት ተቀምጦ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ማርሽ ቀንሺ ይላታል።

ምሽጉ ጋ ስንደርስ ወይዘሮ ፕሮግራም ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ታሪኩን የሚተርክ ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ለሦስታችንም ተከራየች። አባዬ ደስ ብሎት አንዱ መድፍ ፊት ቆሞ ትረካው እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም። ይህን ጊዜ ነው ብዬ ወደ ታላቄ ጠጋ ስል ጣቷን ወደ ጆሮዋ አሳየችኝ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ጠጋ አልኩ፤ አሁንም ጣቷ። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ተከራይተውት ሲለብሱት ግን ያኔ ገና አየሁ። መሣሪያዋ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ጠፍታ ነበር። አልከፈተችውም እኮ!

ምሳ ላይም ያው ነው። አባዬን በመካከላችን አስቀመጠችው። እሱ ደግሞ የራሱን ዳቦ ቆርሶ ወደ እኔ ሳህን ይገፋል፤ አልበላሽም ይላል፤ ጃኬትሽን ዝጊው፣ የተራራ ብርድ አያምርም ይላል። የአርባ ምናምን ዓመት ሴት ነኝ! ቤትም እንዲሁ ነው። ሥራ አምሽቼ ስገባ ሳይተኛ በር በሩን እያየ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ብቻውን ማምሸት ይከብደዋል ብዬ ስንቱን የትርፍ ሰዓት ሥራ እንደመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐይቁ ዳር ያለው ቤተ መንግሥት ወለሉ እንዳይጫር ተብሎ ጫማችን ላይ የጨርቅ ከረጢት አጠለቁልን። ሦስታችንም እየተንሸራተትን ገባን። አባዬ በየክፍሉ ከልብሱ መደርደሪያና ከወርቁ ይልቅ ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው። ውሃውን እዚህ ድረስ ማን ያወጣው ነበር? ማገዶውንስ? የንጉሡ መኝታ ቤት ስንደርስ፣ አልጋው ያጠረው ለምንድነው ብሎ ጠባቂዋን ያዛት። እሷም ደግ ሴት ናት፤ የዚያን ዘመን ሰዎች ትራስ ተደግፈው እንደ መቀመጥ እያሉ ነበር የሚተኙት ብላ ታስረዳው ጀመር። ሲደክመው የተከለለበትን ገመድ ተሻግሮ አንዱ የሐር ወንበር ላይ ሊያርፍ ሲል ግን "አባት፣ እሱ ላይ አይቀመጡም" ብላ ክንዱን ይዛ መለሰችው።

በዚህ መካከል ታላቄን መስኮቱ ጋ አገኘኋት። ወደ ኋላ ሐይቅ ነው፤ መሸሻ የላትም።

"ቁርጡን ንገሪኝ" አልኳት። "አባዬን ትወስጂዋለሽ ወይስ አትወስጂውም?"

ቀስ በይ አለችኝ። ይሰማል አለችኝ። በሰው መኝታ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም አለችኝ፤ ባለቤቱ ከሞተ ስንት መቶ ዓመቱ! ሰኞ መልስ እጠበቃለሁ፣ ዛሬ ካልነገርሽኝ ሻንጣውን ይዤ በርሽ ላይ አደርሰዋለሁ ስላት ፊቷ ነጣ። በመጨረሻ ሦስተኛው ጋ ስንደርስ እነግርሻለሁ ብላ ማለችልኝ።

ወጥተን መኪናው ጋ ሳንደርስ ዝናቡ ጀመረ። ታላቄ ወዲያው ሰበብ አገኘች። ሦስተኛው የፈረሰ ድንጋይ ነው፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ ብንተወው ይሻላል አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ አፌን ሳልከፍት አባዬ ቀደመኝ። በዕድሜ ልኩ ይህ ካልሆነ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ሦስተኛው ካልታየ የመጣሁበት ምኑ ነው አለ። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ፣ ካቃተሽ አምጪው እኔ ልንዳው ሲላት ቁልፉን ይዛ መሪው ጋ ሮጠች።

እውነቷን ነው፤ የፈረሰ ድንጋይ ነው። አንድ ግማሽ ማማ፣ አንድ ቅስት፣ የቀረው ሣር። በሩ ላይ ትንሽ የትኬት ቤት አለች፤ ከኋላዋ ደግሞ የጠባቂው መኖሪያ። ውስጥ የተቀመጠው ሽማግሌ አባዬን ሲያይ መስኮቱን ትቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣና ተጠመጠመበት። የአባዬ የድሮ ረዳት ነው፤ አውቶቡሱ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው። በስም እንጂ በአካል አላውቀውም ነበር።

"ጋሼ፣ ክፍሉን እኮ ቀለም ቀባሁት" አለው። "ታዲያ መቼ ነው የሚገቡት?"

አባዬ ቶሎ ብሎ ክንዱን ጨበጠው፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። የምን ክፍል አልኩ። ታላቄ ግንቡን ፎቶ ላንሳ ብላ እብስ ልትል ስትል ቀሚሷን ያዝኳት።

ረዳቱ ግራ ገብቶት የሁሉንም ፊት እያየ፣ ከጓሮው ያለውን ክፍል ለአባዬ ካዘጋጀው መቆየቱን ነገረኝ። ሁለቱም ሚስቶቻቸውን ቀብረዋል። አብረን እንኑር ከተባባሉ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን አባዬ ልጄ እስክትድን ጠብቀኝ እያለው ነው።

"የቷ ልጅ?" አልኩ።

አባዬ መሬት መሬት አየ። "አንቺ ነሽ እንጂ" አለኝ። "ባልሽ የሄደ ጊዜ እህትሽ ደወለችልኝ። ብቻዋን ከተተወች አትተርፍም፣ ለእሷ ብለህ እንደመጣህ ግን እንዳታውቅ አለችኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? መጣሁ።"

አንተ ነህ እንጂ ብቻህን መኖር ያቃተህ አልኩት። እኔ? አለኝ ተገርሞ። ከእናትሽ ሞት በኋላ ቤቴን ዘግቼ ረዳቱ ዘንድ ልገባ ነበር፣ ሻንጣዬም የታሰረው ለዚያ ነበር አለ። ከዚያ ሁለታችንም ዞረን ታላቄን አየናት።

ይቅርታ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ተቆጣች። ያኔ ሁለታችሁም መብላት አቁማችሁ ነበር አለች። እሱ ስልክ አያነሳም፣ እኔ በር አልከፍትም፤ እሷ ደግሞ ሩቅ ናት፣ ልጆቿ ገና ትንንሾች ናቸው።

"ለራሳችሁ ቢሏችሁ እርዳታ የምትቀበሉ ሰዎች አይደላችሁም" አለች። "ለሌላው ሲሆን ግን ትነሳላችሁ። ተነሳችሁ አይደል? ሰባት ዓመት ሙሉ አንዳችሁም አንድ ቀን ሳትጠያየቁ ትኖራላችሁ ብዬ እኔ በምን ልወቅ?"

የሚያበሳጨውም ይህ ነው፤ እያናደደችኝ ልክ ናት። ፕሮግራም ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ።

አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ውሃውን አራገፈና ወደ እኔ መጣ። ሥራ ቦታ አለቃውን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የቆመው።

"አሁን ደህና ነሽ አይደል?" አለኝ። "ደህና ከሆንሽ ልሂድ?"

ስንት ወር በሆዴ ስለምነው የከረምኩትን ነገር ፈጣሪ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የቀረኝ ሂድ ማለት ብቻ ነው። እኔ ሆዬ፣ አይሆንም አልኩ። ደረጃው ያዳልጣል አልኩ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፣ ጉልበትህስ አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ስዘረዝር ስዘረዝር እንባዬ መጣ፤ ያውም በማላውቀው ሰው ፊት።

አባዬ አልተቆጣም። ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀና ወደ ረዳቱ ዞረ። "ገና ናት" አለው ቀስ ብሎ። "አልዳነችም። ትንሽ ጠብቀኝ።"

ረዳቱም እሺ ጋሼ አለ፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። ሁለት ሽማግሌዎች እኔ እስክድን ሌላ ሰባት ዓመት ሊጠብቁ ተስማምተው ቆመዋል። አንጀቴን በሉት። ንዴቱም አብሮ መጣ፤ በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

"ድኛለሁ" አልኩት። አየኝና እሺ ልጄ፣ እሺ አለኝ፤ እንዳላመነኝ ያስታውቃል። እኔም ወደብ ከተማ እሄዳለሁ፣ ሥራ ሰጥተውኛል፣ አንተም ሂድ ብዬ ደገምኩለት። ወደ መኪናው እንግባ፣ ትታመሚያለሽ አለኝ። ክንዱን ይዤ መለስኩት።

"ድኛለሁ እኮ አልኩህ አባዬ፣ ምን ልሁንልህ?" ብዬ ተናድጄ ስጮህበት ነው ያመነኝ።