የቦራ ሰዓት

ምኞት ሲያመሰግኗት አንገት መድፋት አታውቅበትም። ጉደር ያለ አንድ የወተት ማኅበር ላሞች በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚዳቀሉበትን ሰዓት የሚያሰላ ፕሮግራም ሥሪልን ሲላት፣ አምቦ ቤቷ ተቀምጣ ጽፋ አስረከበች። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ባለቤቷ ይደውላል፤ ፕሮግራሙ ሰዓቱን አስልቶ ለአዳቃዩ ለኦቦ ሂርጳ መልእክት ይልካል። ጠዋት የታየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

ምስጋናው ጎረፈ። «ስልኩን ሳልዘጋው ሂርጳ ከደጄ!» ያላለ ገበሬ የለም። ምኞትም ይገባኛል ብላ ተቀበለች።

ያላመሰገነቻት አክስቷ ዓለሚቱ ብቻ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የቆመው በላሟ በቦራ ወተት ነው። ቦራ ግን ሁለት ጊዜ ተዳቅላ ሁለቴም አልያዘችም። «ለሦስተኛ ጊዜ ካልያዘች ለፋሲካ ሥጋ ትሸጣለች» አለች ዓለሚቱ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

የሦስተኛው ሙከራ ቀን ደረሰ። ዓለሚቱ ደውላ ቦራ ጠዋት መዳቀሏን ስትነግራት፣ ምኞት ልታበረታታት ወደ ጉደር መጣች። ስምንት ሰዓት አልፏል። ከመንገዱ ዳር ካለው የሻይ ቤት ጠረጴዛ ሥር ሂርጳ እግሩን ዘርግቶ የአምቦ ውኃ ይጠጣል።

«ኦቦ ሂርጳ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«የከሰዓት ሥራማ ድሮ ቀረ! ዕድሜ ላንቺ፣ ሁሉንም ጠዋት እጨርሳለሁ።»

ምኞት ክው አለች። ጠዋት የሚደወልላቸው ላሞች ታዲያ መቼ ይዳቀላሉ? ስልኩን ተቀብላ አየች። ስለ ቦራ የተላከው መልእክት «02:00» ይላል። ላፕቶፗን ከፈተች። ሰዓቱን በሃያ አራት ማስጻፍ ሲገባት በአሥራ ሁለት አስጽፋዋለች፤ መልእክቱ እንዲያጥር ብላም የጠዋትና የማታ ምልክቱን ቆርጣ ጥላዋለች። 14:00 መባል የነበረበት 02:00 ሆኖ ወጥቷል። ስትሞክረው የጠዋቱን 08:00 ብቻ አይታ «ሠራ!» ብላ ተነሥታ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

«ወደ እኛ ሰዓት ለመለወጥ ስድስት ይቀንሱ አላልኩዎትም?»

«ከስምንት ላይ እቀንሳለሁ፣ ሁለት ይሆናል። ከሁለት ላይ ግን ስድስት እንዴት ይቀነሳል? በእኛው ሰዓት ነው ብዬ ሄድኩ።»

«ጠዋት የታየችውን ላም ጠዋት?»

«ማታ ታይታ ነበር ማለት ነው አልኩ። ከኮምፒውተር ጋር ማን ይከራከራል?»

ሌላ አገር ቢሆን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥቶ ላም የሚያዳቅል የለምና ስህተቱ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። ጉደር ላይ ግን ሁለት ሰዓት የሥራ መግቢያ ነው። ስህተቱ ተከብሮና ተመስግኖ ኖረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። ምኞት እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስተካከለችው። የሂርጳ ስልክ ጮኸ፤ «14:30» ይላል።

«ይነሡ፣ ዕቃዎን ያዙ። ገና አልረፈደም።»

በባጃጅ ደረሱ። ዓለሚቱ በረት በሩ ላይ ቆመች። «ጠዋት አድርጋችሁላት የለም ወይ? ላሜን መጫወቻ አደረጋችኋት!»

«አክስቴ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቦራ አይደለም። ጠዋት ቸኩለንባታል። ሰዓቷ አሁን ነው።»

«በምን አወቅሽ? ጠዋትም እንዲሁ እርግጠኛ ነበርሽ።»

ነገሩ ምኞትን ወጋት። ቢሆንም ንቅንቅ አላለችም። «አሁን ግን ስህተቴን አይቼዋለሁ» አለች። ዓለሚቱ የእህቷን ልጅ ትክ ብላ አየቻትና በሩን ለቀቀች።

ፋሲካ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሂርጳ ረጅሙን ጓንት አጥልቆ ቦራን መረመረ። የከብት ነጋዴው ጉተማ ገመድ ይዞ ደጅ ይጠብቃል። ሂርጳ እጁን አውጥቶ ሳቀ።

«ባጋ ገመዴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አዴ ዓለሚቱ! ይዛለች!»

ጉተማ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ዓለሚቱ የላሟን አንገት አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ምኞት ዞረች።

«ሰው ሁሉ ፈጠነልን ብሎ አመሰገነሽ» አለች። «እኔ ግን፣ እንኳን ዘገያችሁልኝ!»

ምኞት አንገቷን ደፋች።